ሰማይ ላይ የቆመች መርከብ

(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጥበብ ምሽት የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሓፊ ስለ ምን እንደምንናገር በጠየቀን ጊዜ «አስፈሪውን፥ አስቂኙንና የወደፊቱን ዘመን ነገር በአንድ ፊልም ውስጥ ስለሚቀላቅል ሰው ነው» ብለን መለስንለት። ጥቂት አሰበና «ሦስት ሰዎች ናቸው ወይስ አንድ?» አለን። አንድ ነው። ስሙ ሚጌል ልያንሶ ይባላል፤ የእስጳንያ ተወላጅ ነው። ስሙን በዓለም ያስጠራው ሥራ ግን በእስጳንያ ሳይሆን በአገራችን፥ በአገራችን ተዋንያን፥ በአማርኛ የተሠራ ነው። ይኸውም «ፍርፋሪ» ብለን ልንተረጕመው የምንችለው «ክራምስ» የተባለው ፊልም ነው። በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር፥ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2015፥ በሆላንድ አገር በሮተርዳም የፊልም በዓል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ብዙ ጸሓፊዎችም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሳይንስ ልብ ወለድ ረዥም ፊልም ብለውታል። ረዥም ሲባልም 68 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዛሬው ስብሰባችን ያጥራል።

እኛ ፊልሙን ያየነው አራት ሆነን ነው። አራታችንም የምሥራቅ አዲስ አበባ ልጆች ነን፤ አንዳችን ከገርጂ፥ አንዳችን ከሰሚት፥ ሁለታችን ከቦሌ። በቦሌ መድኃኔ ዓለም አጠገብ በኤድና ሞል የአሜሪካንን ግዙፍ ፊልሞች በልዩ መነጽር እያየን ያደግን ነን። ስለዚህ የጠፈር መርከብ ማለት ከኒው ዮርክ ወይም ከሎስ አንጀለስ በላይ የምትቆም ነገር ናት ብለን እናምን ነበር። ገርጂ በአንዳችን ቤት በኮምፒዩተር ስንመለከት እኩሌታው ላይ መብራት ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ዝም ብለን ተቀምጠን ሳለ አንድ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሊያርፍ ዝቅ ብሎ በጣራው ላይ አለፈ፤ መስኮቱም ተንቀጠቀጠ። ከመካከላችን አንዷ «መርከቧ መጣች!» አለች። ሳቅን፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ደንገጥም ብለን ነበር። ይህ መሳቅና መደንገጥ አንድ ላይ መምጣቱ የዛሬው ንግግራችን መነሻ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታላቅ ጦርነት ሆኖ ዓለም አልቋል፤ የቀረው ሰው ጥቂት ነው። ሰማይ ላይ አንዲት የጠፈር መርከብ ለብዙ ዓመታት ሳትንቀሳቀስ ቆማለች። ከበታቿ አንድ ሰው ካለፈው ሥልጣኔ የወደቀውን ዕቃ እየለቀመ ይኖራል፤ ይህን ሰው የሚጫወተው ዳንኤል ታደሰ ነው። ከሚወዳት ሴት ጋር፥ እርሷም በአማርኛ የፍቅር ፊልሞች የምናውቃት ሰላም ተስፋዬ ናት፥ ማንም በማይጫወትበት አሮጌ የቦውሊንግ አዳራሽ ውስጥ ይኖራሉ። አንድ ቀን የአዳራሹ መኪና ማንም ሳይነካው መሥራት ይጀምራል። መርከቧም እየነቃች ይመስላል። ሰውዬው ደግሞ እኔ የዚህ ምድር ሰው አይደለሁም፥ አገሬ ሌላ ቦታ ነው፥ በዚያች መርከብ ተሳፍሬ እሄዳለሁ ብሎ ያምናል። ስለዚህ መንገድ ይጀምራል፤ በመንገዱም የገና አባትን ሳይቀር ያገኛል። መጨረሻውን አንናገርም፤ ላላዩት እናስቀርላቸው።

ከሁሉ የበለጠ የቆምንበት የዕቃዎቹ ነገር ነው። ለቃሚው ያገኘውን ይዞ ወደ አንድ ሱቅ ይሄዳል። ባለ ሱቁም የፕላስቲክ አሻንጉሊቱን፥ የማይክል ጃክሰንን ሸክላ እያገላበጠ የእያንዳንዱን ታላቅ ታሪክ ይተርካል። ትረካው ሁሉ የተሳሳተ ነው፤ አነጋገሩ ግን የቤተ መዘክር ሊቅ አነጋገር ነው። ሴትየዋም የማይክል ጆርዳንን ሥዕል እንደ ጸሎት ቦታ አድርጋ ትማጸናለች። ፈረንጆች ይህን አይተው እንግዳ ነገር አሉት። እኛ ግን ሰውዬውን ገና ብቅ ሲል ዐወቅነው፤ ቆራሌ ነው! ጠዋት በገርጂና በሰሚት በየበሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው፥ የተሰበረ ጀሪካን፥ አሮጌ ጫማ፥ ባዶ ጠርሙስ የሚገዛው ሰው ነው። ባለ ሱቁንም ዐወቅነው፤ እርሱ ምናለሽ ተራ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ምናለሽ ተራ ሄደን የአንድ መኪና መሥሪያ ምን እንደ ሆነ የጠየቅነው ነጋዴ ፈጽሞ የማያውቀውን ዕቃ አሥር ደቂቃ ሙሉ አብራርቶልናል፤ ዋጋውንም በማብራሪያው ልክ ከፍ አደረገው።

ለፈረንጅ የዓለም ፍጻሜ ማለት ፋብሪካው ቆሞ ሰው የተረፈውን ዕቃ እየጠገነ መኖር ሲጀምር ነው። ይህ ለብዙ የከተማችን ሰው የማክሰኞ ሥራ ነው። ፊልሙ ይህን ስላወቀ ነው የሚያስቀው፤ ይህን ስላወቀም ነው የሚያስፈራው።

እዚህ ላይ ግን ከአዘጋጁ ጋር የማንስማማበትን እንናገር። ፊልሙ ዳሎልን ያሳየናል። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ያህል የሚወርድ፥ በቢጫና በአረንጓዴ የሚፈላ የጨውና የድኝ ምድር ነው፤ በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ተመዝግቧል። ቀድሞ የማዕድን ሰፈር ነበረ፤ ዛሬ የቀረው ፍርስራሹ ነው። ካሜራው ይህን እንደ ሌላ ፕላኔት ያሳየዋል፤ ውበቱም እውነት ነው። ዳሩ ግን በዚያው በዳናክል በረሃ የአፋር ሰዎች አሞሌ ጨው እየቆረጡ በግመል ጭነው ይሄዳሉ። ለእነርሱ ሌላ ፕላኔት አይደለም፤ የሥራ ቦታቸው ነው። ሰው የሌለበት ምድር ለማሳየት ሰው ያለበትን ምድር ባዶ ማድረግ የጎብኚ ዓይን ይባላል። ከአራታችን አንዱ «የቦሌን ጅምር ፎቆች ቢያሳይ ኖሮ የበለጠ ባዶ ነበር» አለ፤ ይህ ግን ቀልድ ነው።

አሁን ወደ ሳቅና ፍርሃት እንመለስ። በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው ሁላችንም ሰምተናል። ዛሬ ስንናገረው የአባቶቻችንን የዋህነት ለመሳቅ ነው። እኛ ግን ስሙ ትክክለኛ የፊልም ትችት ይመስለናል፤ ጨለማ ቤት ውስጥ የሞተ ሰው ሲራመድ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? ደግሞስ ስሙን ያወጣው ሰው እየሳቀ ያወጣው እንደ ሆነ ማን ያውቃል? አያቶቻችን ቀን ሰው ሌሊት ጅብ ስለሚሆነው ሲያወሩልን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያስፈሩናል፤ ወዲያው ጅቡ የሠራውን ሞኝነት ጨምረው ያስቁናል። ልጁ እየሳቀ ወደ እናቱ ጉያ ይገባል። አስፈሪና አስቂኝ በየክፍሉ ተለይቶ የሚቀመጠው በፊልም ነጋዴዎች መደርደሪያ ላይ ነው እንጂ በምድጃ ዳር አይደለም።

ልያንሶም ይህን ከ«ፍርፋሪ» በፊት ሞክሮታል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2013 በወጣው «ቺገር ኤል» በተባለው አጭር ፊልም ውስጥ ሂትለር በሰው ሠራሽ ዘዴ ተባዝቶ፥ ኢትዮጵያዊ ሆኖ፥ ካዛንቺስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ይመጣል፤ ሰዎቹም ያሾፉበታል። ዓለምን ያስፈራ ሰው በአዝማሪ ቤት መሳቂያ ሆነ። በዚያ ቤት ያመሸ ሰው ከዚህ የሚሻል ፍርድ እንደሌለ ያውቃል። ያ አሮጌ ቤት የካዛንቺስ ሰፈር ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል፤ በፊልም ላይ መቅረቱ ለእኛ አንድ ነገር ነው።

በዚያም ፊልም የተጫወተው ዳንኤል ታደሰ ነው። ስለ እርሱ አንድ ክርክር ተነሥቶብን ነበር። ቁመቱ አጭር ነው፤ ሰውነቱም እንደ ተለመደው የፊልም ጀግና አይደለም። አንድ ጓደኛችን «ፈረንጁ ሊያሾፍብን ነው የመረጠው» ብሎ ተቈጣ። ሁለተኛ ጊዜ ስናይ ግን እንዲህ አልሆነም። ካሜራው ሰውነቱን ለማሳቂያ አያቀርበውም። ይወዳል፥ ይወደዳል፥ ይፈራል፥ በረሃ ያቋርጣል። በአማርኛ ፊልሞቻችን እንዲህ ያለ ሰው የዘበኛ ወይም የሰፈር ቀልደኛ ሆኖ ሁለት ደቂቃ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ታዲያ ያሾፈው ማን ነው? ጓደኛችን አሁንም አልተስማማም፤ ዛሬ ከኋላ ተቀምጧልና በጥያቄ ጊዜ ይናገር።

ስለ ኋለኞቹ ሥራዎች በአጭሩ እናልፋለን። በ2019 የወጣው ሁለተኛው ረዥም ፊልም «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው የሚወስደውን መንገድ ያሳይሃል» የሚል ርእስ አለው፤ ርእሱን ስንነግራቸው አንዲት እናታችን አማተቡ። ነገሩ ግን የስለላ ቀልድ ነው። ዳንኤል ታደሰ ጋጋኖ የተባለ የአሜሪካ ሰላይ ሆኖ፥ ሥራውን ለቆ ከሚስቱ ጋር የራሱን ንግድ ለመክፈት እየተመኘ፥ «ሶቪየት ኅብረት» የተባለ የኮምፒዩተር በሽታ ለማጥፋት ወደ ኮምፒዩተሩ ዓለም ይገባና እዚያው ተይዞ ይቀራል። ስታሊን በወረቀት ጭምብል ይመጣል። የሌሊት ወፍ ሰው የለበሰውን የመሰለ ልብስ የለበሰ አምባገነንም አለ፤ እርሱን የሚጫወተው ሰሎሞን ታሼ ነው። በጣም ስቀናል፤ ነገር ግን «ፍርፋሪ» ልብ ላይ የሚጥለውን ነገር እዚህ አላገኘንም። ቀልዱ በቀልድ ላይ ሲደራረብ ፍርሃቱ ይጠፋል። በ2024 የወጣው «ማለቂያ የሌለው በጋ» ደግሞ ወደ ኤስቶንያ ባሕር ዳር ሄዷል፤ ወጣት ሴቶች በአንድ እንግዳ መሣሪያ ምክንያት ሰውነታቸው ሲለወጥ ያሳያል። ሰውዬው ከእኛ ዘንድ ርቋል ማለት ነው፤ መብቱም ነው።

«ታዲያ የኛ ነው ወይስ የነሱ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በዚያው በ2015 ያሬድ ዘለቀ በ«ላምብ» ፊልሙ ወደ ካን በዓል ገብቶ ስለ አንድ ልጅና ስለ በጉ ተናገረ፤ ያ ያለ ጥርጥር የኛ ነው። ልያንሶ መጥቶ የሄደ እንግዳ ነው። ነገር ግን እንግዳው በቤታችን ሳለ አንድ ነገር አይቷል፤ እርሱን ልንናገር ነው የመጣነው።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ከልደታ ወደ እኛ ሰፈር ሲመጣ አካባቢው ሜዳ ነበር ይባላል። እኛ ከተወለድን ጀምሮ ግን አውሮፕላን ያላለፈበት ሰዓት የለም። ልጆች ሳለን የየኩባንያውን ቀለም በጭራው እንለይ ነበር። አሁን የምንለየው በሌላ ነው፤ ይህ የዋሽንግተኑ ነው፥ ይህ የዱባዩ ነው፥ በዚህ እገሌ ሄደ፥ በዚያ እገሊት። ከአራታችን «መርከቧ መጣች» ያለችው ልጅ ባለፈው ክረምት ሄዳለች። ልንሸኛት ሄደን ከበሩ ውጭ ቆመን ሳለ ወንድሟ አንድ የፕላስቲክ አሻንጉሊት በኪሷ ከተተላት፤ ሁላችንም ያው ፊልም ትዝ አለን፤ ማንም ግን አልተናገረም። ያ ለቃሚ «አገሬ ሌላ ነው» ብሎ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ እብድ አይደለም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ስንቱ ነው ማመልከቻ ጽፎ መልስ የሚጠብቀው? እኛም ሁለታችን ጽፈናል። ስለዚህ ማንንም ለመውቀስ አልተነሣንም። መርከቧ የምትፈራው ስለማትወርድ ነው፤ ከወረደችም ደግሞ ማንን ይዛ ማንን እንደምትተው ስለማይታወቅ ነው። ይህን በፊልም የነገረን ከማድሪድ የመጣ ሰው መሆኑ ያሳፍረናል፤ በየምሽቱ ከበታቿ የምንተኛው እኛ ነንና።

ሦስታችን የቀረነው አሥራ አንድ ገጽ ጽፈናል። በአያት ኮንዶሚኒየም ስለሚዞር ቆራሌ ነው፤ አንድ ቀን ከገዛው አሮጌ ሬድዮ ውስጥ ገና ያልተነገረ ዜና መስማት ይጀምራል። ካሜራ ያለው፥ ወይም ዘመዱ ጅምር ፎቅ ላይ ዘበኛ ሆኖ ለሁለት ሌሊት ሊያስገባን የሚችል፥ በማኅበሩ ቢሮ ይጠይቀን። ሬድዮውን ከምናለሽ ተራ ገዝተነዋል፤ ሻጩ ይሠራል ብሎናል፤ አይሠራም።