መጽሐፉ ከለጋሽ፣ ደመወዙ ከማኅበር
(በበዓሉ ላይ ከቀረበ ንግግር)



መጽሐፍ ሞልቶት ሠራተኛ የሌለው የገጠር ቤተ መጻሕፍት ከመጋዘን አይለይም። እንደ ኮድ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች መጻሕፍት ይሰጣሉ፤ በየዓመቱ ደመወዝ የሚከፍል ለጋሽ ግን አይገኝም። በሩ ተቆልፎ ሲቀር የሚጎዳው የገበሬው ልጅ ነው።

ቡናቸውን በፌር ትሬድ የሚሸጡ ማኅበራት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ፕሪሚየም ያገኛሉ፤ ይኸውም በ60 ኪሎ ጆንያ 26 ዶላር ያህል ነው። ከፊሉ ለጥራት ይውላል፤ በቀሪው ላይ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል።

እንግዲህ የሠራተኛው ደመወዝ በጉባኤው አጀንዳ ይያዝ። ውሳኔው የሰፈረበት ቃለ ጉባኤ ከወረዳው ደብዳቤ ጋር ለለጋሽ ይቅረብ። «እናንተስ ምን አዋጣችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እሱ ነው።