ገንዘብ ለቅሶ ቤት ሲገባ
(ለመስጊዱ ጀመዓ የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ስለ ሐዘን ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሶብር ነው፤ ቀጥሎም የሟች ቤተሰብ የሚገጥመው ችግር ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ብዙም የማይነገርለትን ፈተና ነው። ይኸውም የቤቱ ምሰሶ ከወደቀ በኋላ ያልተጠበቀ ገንዘብ ወደ ለቅሶ ቤት ሲገባ የሚደርሰው ነገር ነው።

ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ብዙ ነው። መኪና ገጭቶ ለገደለው ሰው ቤተሰብ የኢንሹራንስ ካሳ ይከፈላል። ዐረብ አገር ሠርታ እዚያው የሞተች ልጅ ደመወዝ ለወላጆቿ ይላካል። አባት በጥቂት ብር የገዛው ቦታ እሱ ከሞተ በኋላ በሚሊዮን ይሸጣል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው አውሮፕላን ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። አምራቹ ቦይንግ በዚህና ቀደም ሲል በኢንዶኔዢያ በደረሰው አደጋ ለሞቱት 346 ሰዎች ቤተሰቦች 50 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ይህም ለአንድ ሟች ቤተሰብ 144,500 ዶላር ይደርስ ነበር። ከሰው ነፍስ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው፤ ለብዙ ቤት ግን በዕድሜው አይቶት የማያውቀው ሀብት ነው።

እንዲህ ያለ ገንዘብ እንደ ንግድ ትርፍ በደስታ አይቆጠርም። እናት ስትነካው የልጇን ደም የነካች ይመስላታል። አንዱ ወንድም ሐዘኑን ለመርሳት ሲል ያባክነዋል፤ ሌላው አሥር ብር በወጣ ቁጥር ሟቹ ዳግመኛ የሞተ ያህል ይሰማዋል። ቀጥሎም "ያስታመመው ማን ነው? ትምህርት ቤት የላከው ማን ነው? እሱስ አብልጦ የሚወደው ማንን ነበር?" የሚል ሙግት ይነሣል። ለተመልካች ስለ ገንዘብ የሚጣሉ ይመስላሉ። ጠለቅ ብሎ ላየው ግን የሚጣሉት ስለ ሟቹ ነው። ያልተለቀሰ ለቅሶ በክርክር ይወጣል።

አላህ (ሱ.ወ.) የውርስን ድርሻ ለእኛ ግምት ሳይተው በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 11 እና 12 ወስኖ ማውረዱ ምን ያህል እዝነት እንደ ሆነ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ድርሻው የፍቅር መለኪያ አይደለም። ማን አብልጦ እንደ ወደደ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ማንም ፍቅሩን በገንዘብ ማስመስከር አያስፈልገውም።

የዚህን ሕግ መነሻ እናስታውስ። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) ተሠዋ። ወንድሙ ንብረቱን ጠቅልሎ ወሰደ። ሚስቱ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቀረበችና የልጆቹ አጎት ምንም እንዳላስቀረላቸው አመለከተች። የውርስ አንቀጽ ሲወርድ አጎትየው ተጠርቶ ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን እንዲሰጥ፣ የተረፈውን እሱ እንዲይዝ ታዘዘ። ንብረቱ 24 እጅ ቢሆን 16ቱ የልጆቹ፣ 3ቱ የእናት፣ 5ቱ የአጎት ነው። ልብ በሉ! ለቅሶ ላይ ያለች ሴት ለመብቷ መናገሯ እንደ ነውር አልተቆጠረባትም።

ስለ ደም ካሳም (ዲያ) ትምህርት አለን። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ሚስት ከባሏ የደም ካሳ አትወርስም የሚል አስተያየት ነበራቸው። ዶሓክ ኢብኑ ሱፍያን ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለአሽየም ሚስት ከባሏ ዲያ ድርሻዋን እንዲሰጣት ጽፈውላቸው እንደ ነበር ነገሯቸው። ዑመርም አስተያየታቸውን ተዉ። የሙእሚኖች መሪ ከተመለሱ፣ "የወንድሜ ደም ዋጋ ለባዕድ ሴት አይገባም" የሚል ወንድም ምን መልስ አለው?

ሦስተኛው ምሳሌ የዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ቤት ነው። በ36ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲገደሉ በእጃቸው ጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ዕዳ ግን ነበረባቸው። በ170 ሺህ የገዙት የጋባ መሬት 1 ሚሊዮን 600 ሺህ አወጣ፤ ቤተሰቡም በአንድ ጊዜ ባለጸጋ ሆነ። ወራሾቹ ክፍፍል ቢጠይቁም ልጃቸው ዐብዱላህ የታወቀውን ዕዳ ከከፈለ በኋላ እንኳ አልቸኮለም። አራት ዓመት በሐጅ ወቅት ባለ ዕዳ ካለ እንዲመጣ ሲያስነግር ቆይቶ ከዚያ በኋላ አካፈለ። ጥድፊያው ወደ ድርሻ ሳይሆን ሟቹን ከሰው ሐቅ ነፃ ወደ ማውጣት ነበር።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን በብዙ ቦታ እህት ድርሻዋን ብትጠይቅ እንደ ነውረኛ ትቆጠራለች። ሽማግሌ በተሰበሰበበት፣ ዓይኗ በእንባ እንደ ቀላ፣ "ለወንድሞችሽ ተይላቸው" ትባላለች፤ እሷም አንገቷን ደፍታ "ትቻለሁ" ትላለች። ይህ በነፃ ልብ የተሰጠ ስጦታ ነውን? ሸሪዓን ወንድ ልጅ እጥፍ የሚያገኝበትን ስንጠቅስ አስታውሰን፣ የሴቷን ድርሻ ስንሰጥ የምንረሳው ከሆነ የምንከተለው ስሜታችንን ነው።

ሌላው ድግሱ ነው። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.)፣ በአገራችን በሐበሻ የስደተኞቹ ቃል አቀባይ የነበሩት፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ሲሠዉ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ። ምግብ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል እንጂ ከሐዘንተኛው ቤት አይወጣም። እኛ ግን ካሳ ተከፈለ ሲባል ሰንጋ ይታረዳል፣ ድንኳን ይዘረጋል። ያ ሰንጋ ከማን ድርሻ ተገዛ? ከወራሾቹ መካከል የቲም ካለ የበላነው የየቲም ሐቅ ነው፤ የሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 10 ማስጠንቀቂያ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ቤተሰብ ቢያንስ አምስት ነገር ቢያደርግ እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ያለው ንብረትና ያለው ዕዳ በምስክር ፊት ይጻፍ። የሚስት የራሷ ንብረት ከሟች ንብረት ተለይቶ ይውጣ፤ እሱ ውርስ አይደለም። ከቀብር ወጪ በኋላ ዕዳ፣ ከዚያም ከሲሶ የማይበልጥ ኑዛዜ፣ በመጨረሻ ክፍፍል።

ሁለተኛ፣ የካሳ ገንዘብ ዓይነቱ ብዙ ነውና ወረቀቱን ለዐሊምና ለሕግ ዐዋቂ አሳዩ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳዩን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ መሆኑን አትዘንጉ።

ሦስተኛ፣ የየቲሞች ድርሻ በስማቸው በባንክ ይቀመጥ። አሳዳጊው ሲያስረክብ ምስክር ያቁም።

አራተኛ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በዒዳዋ ጊዜ፣ ነፍሰ ጡር ካልሆነች በ4 ወር ከ10 ቀኗ ውስጥ፣ ቤት ሽጪ፣ ብር አበድሪ፣ ፈርሚ አትባል። ድርሻዋ ታውቆ ይቀመጥላት፤ ልቧ ሲረጋ ራሷ ትወስን።

አምስተኛው የእኛ የጎረቤቶች ድርሻ ነው። ገንዘብ የገባበትን ለቅሶ ቤት ሰው ሁለት ዓይነት አድርጎ ይበድለዋል። ግማሹ ሊበደር ይመላለሳል፤ ግማሹ "እነሱማ ምን አጡ" ብሎ መጠየቁን ያቆማል። ባለ ገንዘብ የሆነች እናት ልጇ አልተመለሰላትም። ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ጎራ ብሎ ስለ ብሩ ሳያነሣ ስለ ልጇ የሚያወራላት ሰው ያስፈልጋታል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሙታኖቻችንን ይማርልን፤ ከኋላ የቀረነውንም የሞቱብንን ሰዎች ገንዘብ ስንከፋፈል እርስ በርስ ከመለያየት ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።