የአሮጌ ሕንፃ እድሳትና በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የበጀት ዓመት ሊዘጋ ሲቃረብ በየመሥሪያ ቤቱ ከሚፈጸሙት ሥራዎች አንዱ የሕንፃ እድሳት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግድግዳው ይፋቃል፤ የበሩና የመስኮቱ እንጨት ይለሰልሳል፤ አዲስ ቀለም ይቀባል፤ ባለጉዳዩም ወደ ጸዳ ክፍል ይገባል። ይህ የሚመሰገን ተግባር ነው። ነገር ግን አዲሱ ቀለም ምን መልክ ይኑረው በማለት ብዙ ስንመካከር፥ የተፋቀው የአሮጌ ቀለም አቧራ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ አቧራ ይሆናል። በንግግሬ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ በመጀመሪያ እርሳስ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በተለመደው አነጋገራችን እርሳስ የምንለው የምንጽፍበትን መሣሪያ ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግን ግራፋይት የተባለ የከሰል ዘመድ እንጂ እርሳስ አይደለም። እውነተኛው እርሳስ ከባድና ለስላሳ ማዕድን ሲሆን፥ ጥይትና የመኪና ባትሪ የሚሠራበት ነው። ከዚህ ማዕድን የሚዘጋጀው ነጭ ዱቄት ከጥንት ዘመን ጀምሮ በቀለም ውስጥ ሲገባ ኖሯል። ምክንያቱም እርሳስ ያለበት ቀለም የተቀባውን ነገር በሚገባ ይሸፍናል፤ ቶሎ ይደርቃል፤ ዝናብና እርጥበትንም ይችላል። ቀይ መልክ ያለው የእርሳስ ዱቄት ደግሞ ብረትን ከዝገት ለመጠበቅ ይቀባ ነበር። እንዲህ ያለው ጠንካራ የዘይት ቀለም በተለይ ለበር፥ ለመስኮት፥ ለደረጃ መደገፊያና ለበረንዳ አጥር የሚመረጥ ስለ ነበረ፥ እርሳሱም ይበልጡን የሚገኘው የሰው እጅ ዘወትር በሚነካው ቦታ ነው።

ይህ ማዕድን ለሰውነት አንዳችም ጥቅም የለውም። ከሰውነት ውስጥ በገባ ጊዜ በደም ተዘዋውሮ ወደ አንጎል፥ ወደ ኩላሊትና ወደ ጉበት ይደርሳል፤ ከዚያም በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይከማቻል። በትልቅ ሰው ላይ የደም ግፊትንና የኩላሊት ሕመምን ያመጣል። ነፍሰ ጡር በሆነች ሴት ሰውነት ውስጥ በአጥንት የተከማቸው እርሳስ ተመልሶ ወደ ደም በመውጣት ፅንሱን ይጎዳል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ግን ሕፃናት ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ በአፍ ከገባው እርሳስ ውስጥ የሕፃን ሰውነት የሚቀበለው ከትልቅ ሰው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይሆናል፤ ጉዳት አያደርስም ተብሎ የታወቀ መጠንም የለም። ሕፃኑ ትኩሳት አይዘው፥ ሽፍታ አይወጣበት፤ ብቻ ትምህርቱን ማስተዋል ይሳነዋል፤ ጠባዩም ይለወጣል። ወላጅ ስንፍና ነው ይላል፤ መምህር ግዴለሽነት ነው ይላል። በአንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት ግን ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል።

ዓለም ይህን ነገር ያወቀው ዛሬ አይደለም። በአውስትራሊያ አገር ብሪዝበን በተባለችው ከተማ ብዙ ሕፃናት በእርሳስ መመረዝ ሲታመሙ፥ ሎክሃርት ጊብሰን የተባለ የዓይን ሐኪም በ1904 ምክንያቱን ጽፎ አስታወቀ። በፀሐይ ብዛት ዱቄት የሆነው የበረንዳው አጥር ቀለም በልጆቹ እጅ ላይ እየተጣበቀ፥ ከእጃቸውም ወደ አፋቸው ይገባ ነበር። በ1921 በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጉባኤ ነጭ የእርሳስ ቀለም ለሕንፃዎች የውስጥ ቅብ እንዳይውል የሚከለክል ስምምነት ተደረገ። አሜሪካ ግን በመኖሪያ ቤቶች የእርሳስ ቀለምን የከለከለችው በ1978 ነው። ከብሪዝበኑ ሐኪም ጽሑፍ እስከዚያ ድረስ 74 ዓመት አለፈ ማለት ነው። በአገራችንም በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ፥ ይኸውም በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊግራም እንዳያልፍ ተወስኗል።

እንግዲህ ሕግ ከወጣ ጉዳዩ አበቃ የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። እዚህ ላይ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት እናስተውል። ይህን የመሰለው ደንብ ወሰን የሚያበጀው ለሚመረተው፥ ከውጭ ለሚገባውና ለሚሸጠው ቀለም ነው። ከሠላሳና ከአምሳ ዓመት በፊት በመስኮታችን ላይ የተቀባው ቀለም ከሦስትና ከአራት ድርብ በታች ተሸፍኖ እዚያው ተቀምጧል። ሳይነካ እስከ ቆየ ድረስ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ብረት መፋቂያና የብርጭቆ ወረቀት ባረፈበት ዕለት ግን አቧራ ሆኖ ይነሣል። ስለዚህ ለአሮጌ ሕንፃ የአደጋው ቀን የእድሳቱ ቀን ነው፤ የሚጠብቀውም እድሳቱን ያዘዘው ሰው ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ቀን በሕግ እንዴት እንደሚጠብቁት አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በአሜሪካ ከሚያዝያ 22 ቀን 2010 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት፥ ከ1978 በፊት በተሠራ መኖሪያ ቤት ወይም ሕፃናት በሚውሉበት ሕንፃ ውስጥ በአንድ ክፍል ከግማሽ ካሬ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ቀለም የሚነካ ተቋራጭ የምስክር ወረቀት ያለውና ሥራውን የተማረ መሆን አለበት። ቀለምን በእሳት ነበልባል ማንሣት ክልክል ነው። አቧራውን የሚስብ ልዩ ማጣሪያ በሌለው የኤሌክትሪክ መፈግፈጊያ መሥራትም እንዲሁ ክልክል ነው። ከሚሠራበት ቦታ ዙሪያ 1 ሜትር ከ80 ያህል ወለል በላስቲክ ይሸፈናል። ሥራው ሲያልቅም ወለሉ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጠርጎ፥ ጨርቁ ለዚሁ ከተዘጋጀ ካርድ ጋር ይመሳከራል፤ ከካርዱ ይልቅ ከቆሸሸ ጽዳቱ እንደገና ይጀመራል።

በዚህ ደንብ ውስጥ ያለው ጥበብ በጭሩ ሲነገር፥ አቧራ እንዳይነሣ ማድረግ፥ የተነሣው እንዳይወጣ ማገድ፥ የቀረውን በእርጥብ ማጽዳት ነው። ይህንንም በእኛ መሥሪያ ቤትና በእኛ መኖሪያ ለመፈጸም የሚከለክለን ነገር ብዙ አይደለም።

ከሥራው በፊት የቀለሙን ናሙና በላቦራቶሪ ማስመርመር ከተቻለ መልካም ነው፤ ካልተቻለ ግን ያልተመረመረውን አሮጌ የዘይት ቀለም ሁሉ እርሳስ እንዳለበት መቁጠር ይገባል። ያልተሰነጠቀውንና ያልተላጠውን ቀለም ያለ ምክንያት አትፋቁ፤ በላዩ ላይ መቀባት ይበቃል። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ከቦታው ይራቁ። የቤቱ ዕቃ ይውጣ፤ የማይወጣው ይሸፈን፤ ወለሉ በወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፤ በሩም በላስቲክ ይጋረድ።

በሥራው ጊዜ የሚፋቀው ቦታ አስቀድሞ በውሃ ይርጠብ፤ በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ግን ኃይሉ ሳይዘጋ ውሃ አይረጭ። ሠራተኛው ደቃቅ አቧራን የሚያግድ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፤ በአንገት ልብስ መሸፈን አይበቃም። እጁን ሳይታጠብ አይብላ፤ አያጭስ።

ከሥራው በኋላ ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ፥ ውሃውን እየለወጡ ይታጠብ። ፍቅፋቂው በላስቲክ ተጠቅልሎና ታስሮ ይወገድ እንጂ በግቢ ውስጥ አይበተን። በተለይ አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ከሕንፃው የተነቀለው አሮጌ በርና መስኮት ለማገዶ ይሆናል እየተባለ ለዘበኛ ወይም ለቀን ሠራተኛ ይሰጣል፤ ስጦታውም በቅን ልቡና የሚደረግ ነው። ቀለም የተቀባ እንጨት ሲነድ ግን እርሳሱ ከጭስና ከአመድ ጋር ይወጣል፤ እናት እንጀራ የምትጋግርበትን፥ ሕፃንም የሚድህበትን ቤት ይሞላዋል።

ስለ ቀለም ቀቢውም እናስብ። ግድግዳውን የሚፍቀው ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ልጁ ሮጦ ያቅፈዋል። ልብሱን ካልለወጠ፥ በእኛ መሥሪያ ቤት የተነሣው አቧራ በእርሱ ልጅ ላይ ያርፋል። ይህ ሠራተኛ የሥራውን ሁኔታ ለማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ ቶሎ ጨርስ የተባለውን ቶሎ ይጨርሳል። ሥልጣኑ ያለው ወረቀቱን በሚያዘጋጀውና በሚፈርመው ዘንድ ነው።

ውሃ፥ ላስቲክ፥ ሳሙናና ተጨማሪ የሥራ ቀናት ወጪ ያስከትላሉ ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ወጪ በጨረታው የሥራ ዝርዝር ውስጥ አስቀድሞ ካልገባ፥ ተቋራጩ ከራሱ ትርፍ ቀንሶ ይፈጽመዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስለዚህ የእድሳት ሥራ የምታዘጋጁ የግዢና የጠቅላላ አገልግሎት ሹማምንት፥ ሦስት ዓረፍተ ነገር በውሉ ላይ ብትጨምሩ ብዙ ቤት ታድናላችሁ። አሮጌ ቀለም በደረቁ እንዳይፋቅና በእሳት እንዳይነሣ፤ የሥራው ቦታ ተጋርዶ ፍቅፋቂው ታስሮ እንዲወገድ፤ ሠራተኛውም መሸፈኛ፥ መታጠቢያና የሥራ ልብስ እንዲሰጠው። በርክክብ ቀንም የቀለሙን ውበት ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ፤ ወለሉንና የመስኮቱን ደፍ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠርጋችሁ ተመልከቱ። ለአዲሱ ቅብ የሚገዛውም ቀለም የተወሰነውን መጠን የጠበቀ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቁ፤ አለዚያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለሚመጡት ይህንኑ ችግር እናወርሳቸዋለን።

ክቡራን አድማጮች፤ አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። በእርሳስ የተጎዳን የሕፃን አእምሮ ወደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ከአቧራው መጠበቅ ግን በአንድ ባልዲ ውሃና በአንድ ጥቅል ላስቲክ ይጀመራል። በመጪው የእድሳት ወራት በየመሥሪያ ቤታችሁና በየመኖሪያችሁ ይህን እንድትፈጽሙ አደራ እያልሁ ንግግሬን በዚሁ እፈጽማለሁ።