ሽፍታና ሌባ፦ አንድ ቃል በሞያሌ ወሰን

አማርኛ የሰው ንብረት የሚወስደውን ሁሉ በአንድ ስም አይጠራም። ተደብቆ የሚወስደው ሌባ፣ በጉልበት የሚነጥቀው ቀማኛ ወይም ወንበዴ ነው፤ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ስርቆትንና ውንብድናን ለይቶ ይደነግጋል። ሽፍታ ግን ከእነዚህ ተርታ አይሰለፍም። «እገሌ ሸፈተ» ሲባል አስቀድሞ የሚሰማው ከገዢው ጋር መጣላቱ ነው፤ አልገብርም ወይም ዳኛ ፊት አልቀርብም ብሎ ጫካ ገብቷል ማለት ነው። ዘረፋው ተከትሎ የሚመጣ መተዳደሪያ ነው። በቋራ የሸፈተው ካሣ ኃይሉ በ1855 እ.ኤ.አ. ዓፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነግሧል። ሽፍታ በምሕረት ገብቶ ይሾም ነበር፤ ሌባን ግን ስለሌብነቱ የሾመ የለም።

ቃሉ ወደ ኬንያ ሲሻገር ይህ ከገዢ ጋር የመጣላት ግማሽ ትርጉሙ ቀረ። በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ ያለችው ሞያሌ፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን በኬንያ በኩል የሰሜናዊው ጠረፍ አውራጃ ከሚባለው ግዛት ስድስት ወረዳዎች አንዷ ነበረች። በ1962 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ የላከችው ኮሚሽን የግዛቱ ሶማሌዎች ከሶማሊያ ጋር መቀላቀል እንደሚፈልጉ አረጋገጠ፤ ከቦረናው ብዙው ከኬንያ ጋር መቆየትን መርጦ ነበር። ኬንያ በታኅሣሥ 1963 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ ጥያቄው ሳይፈታ ጦርነት ተነሣ፤ የኬንያ መንግሥትም ከሶማሊያ ጋር ለመቀላቀል የሚዋጉትን «ሽፍታ» አላቸው፤ ተራ ዘራፊ ለማለት ነበር። እስከ 1967 የቆየው ግጭት ዛሬም «የሽፍታ ጦርነት» ይባላል።

«ታዲያ ከብት አልነዱም? ሰው አልገደሉም?» የሚል ይኖራል። ነድተዋል፤ ገድለዋልም። በሀገራችንም ሽፍታ የድሃ ገበሬን ጎተራ ያራቆተበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቃሉን የጀግና ማዕረግ ማድረግም ስሕተት ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የከብት ሌብነት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ኬንያና ሶማሊያ በዛምቢያው ፕሬዚዳንት በካውንዳ ሸምጋይነት በ1967 አሩሻ ላይ ባልተስማሙ ነበር። ለሌባ ፖሊስና ፍርድ ቤት ይበቃዋል። ደግሞም በዚያ ጦርነት የመንግሥት ኃይሎች የአርብቶ አደሩን ከብት ወርሰዋል፣ ገድለዋል፤ በ1970 የወጣው ሕግ ግን በዘመቻው የተሳተፉትን ባለሥልጣናትና ወታደሮች ከተጠያቂነት ነፃ አወጣ። አንዱ ሲወስድ «ሽፍታ» ተባለ፤ ሌላው ሲወስድ ጸጥታ ማስከበር ሆነ። ስለዚህ ንብረት የወሰደ ሁሉ፣ መለዮ ለባሹም ጭምር፣ በወሰደው ልክ ይጠየቅ፤ ያነሣው የፖለቲካ ጥያቄ ካለ ደግሞ ራሱን ችሎ መልስ ያግኝ። ሁለቱን በአንድ ስም የጠቀለለ መንግሥት ለተዘረፈውም ፍርድ አይሰጥም፣ ለጠያቂውም መልስ አይሰጥም።