ነርስ ክነሴት ገብታ ምን ትሠራለች?

(በቤር ሼቫ በወጣቶች ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የምንነግራችሁ ሕግ አውጪ ስለሆኑ ነርሶች ነው። ወላጆቻችን የነርስነት ነገር ሲነሳ ደስ ይላቸዋል። «ነርስ ከሆንሽማ እንጀራሽ አይጎድልም፤ ሰውም ትረጃለሽ» ይሉናል። የክነሴት ነገር ሲነሳ ግን ፊታቸው ይለወጣል፤ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ!» ይላሉ። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እናውቃለን፤ በአገር ቤት በፖለቲካ ምክንያት ስንት ወጣት እንዳለቀ ነግራችሁናል። ነገር ግን እኛ ከፖለቲካ ብንሸሽ እሱ ከእኛ አይሸሽም።

የደሙን ጉዳይ አስታውሱ። በ1996 መጀመሪያ ላይ ማጌን ዳቪድ አዶም ከእኛ ሰዎች የተቀበለውን ደም በድብቅ ይጥል እንደነበር በጋዜጣ ወጣ። ሕዝባችን በሺዎች ሆኖ ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ አቶ አዲሱ መሰለ ከማኅበረሰባችን የመጀመሪያው የክነሴት አባል ሆኑ። በ2013 ደግሞ የክነሴት አባሏ ፕኒና ታመኖ ሻታ እዚያው ክነሴት ውስጥ ደም ሊሰጡ ሲሉ፣ በመመሪያው መሠረት የኢትዮጵያ ተወላጅ ደም መቀበል አይቻልም ተባሉ። ሕግ አውጪ ሆነውም መመሪያው አልማራቸውም። መመሪያ ከሰማይ አይወርድም፤ ሰዎች ተሰብስበው የሚጽፉት ነው። ታዲያ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ዙሪያ ማን ተቀምጦ ነበር? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ነርሶች እዚያ ጠረጴዛ የደረሱበት ጊዜ አለ። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን ነርሶች ማኅበር የመሩት ኢላና ኮኸን በ2003 ምርጫ በዓም ኤሐድ ፓርቲ በኩል ክነሴት ገብተው እስከ 2006 አገልግለዋል። ፓርቲው ያገኘው 3 መቀመጫ ብቻ ነበር፤ መሪው አሚር ፔሬጽ ደግሞ የሂስታድሩት ሊቀ መንበር ነበሩ። መንገዱን ልብ በሉ። በእኛ አገር ድምፅ የሚሰጠው ለፓርቲ ዝርዝር እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም። ነርሷን ለዝርዝሩ ያበቃቸው የሠራተኛ ማኅበር ሥራቸው ነው።

በአሜሪካም ኤዲ በርኒስ ጆንሰን ነበሩ። በቴክሳስ ተወልደው፣ በዘር መለያየት ምክንያት ነርስነትን ለመማር ወደ ኢንዲያና ሄዱ። በዳላስ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ክፍል ዋና ነርስ ሆኑ። በ1992 ሲመረጡ ኮንግረስ የገቡ የመጀመሪያዋ ነርስ ነበሩ፤ 30 ዓመት አገለገሉ። በ2018 የተመረጡት ነርስ ሎረን አንደርውድም በማግሥቱ ዓመት ስለ ጥቁር እናቶች ጤና የሚሠራ የኮንግረስ ቡድን ከባልደረባቸው ጋር አቋቁመዋል።

«ነርስ ሕግ ምን ታውቃለች?» ትሉ ይሆናል። ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ ሕክምና በተገቢ ጥራት፣ በተገቢ ጊዜ፣ ከቤታችን በተገቢ ርቀት ይሰጥ ይላል፤ ይህም የገንዘቡ አቅም በፈቀደ መጠን ነው። ተገቢ ርቀት ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ተገቢ ጊዜስ ስንት ወር? ሶሮካ ከመላው ኔጌቭ በሽተኛ ይቀበላል። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ የመጣችውን እናት ተቀብላ የምታስተኛት ነርስ የእነዚህን ቃላት ክብደት ታውቃለች።

አያታችን «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲሉ ብዙ ጊዜ ጨጓራቸውን ማለታቸው ነው። ቃሉ እንዳለ በዕብራይስጥ ሲተረጎም ግን የልብ ሕመም ይሆናል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት በሽተኛው በሚገባው ቋንቋ እንዲያስተናግዱ አዝዟል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ልመና አይደለም። ሆኖም ስንቶቻችን በልጅነታችን የእናታችንን ገመና ለሐኪም አስተርጉመናል? መመሪያው መጻፉ አንድ ነገር ነው፤ ሥራ ላይ መዋሉን የሚከታተል ሰው ደግሞ ያስፈልጋል።

ከእኛ መካከል የሕግ ባለሙያ፣ ጋዜጠኛ፣ ራቢ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ ክነሴት ገብተዋል። ነርስ ግን ገና አልገባችም። ለመመረጥ የሚፈለገው ዕድሜ 21 ዓመት ነው፤ ከመካከላችን ብዙዎቻችን አልፈነዋል።

እህቶችና ወንድሞች፣ ነርስነት የምትማሩ፣ ትምህርታችሁን በሚገባ ጨርሱ። ሥራ ስትይዙ የነርሶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ ዝም ብላችሁም አትቀመጡ፣ ተናገሩ። ፓርቲ ስትመርጡ ስለ ጤና ምን እንደሚል ጠይቁ።

አባቶችና እናቶች፣ ልጃችሁ ነርስ ስትሆን ትመርቋታላችሁ። አንድ ቀን ደግሞ «ልወዳደር ነው» ብላ ብትመጣ፣ ያንኑ ምርቃት አትንፈጓት። የበሽተኛን ነገር ቆማ መናገር ከአልጋው አጠገብ ጀምራዋለችና።