ደጋግሞ የሚጠራውን ዘማች ቤት ማን ይጠብቅለት?



አገር ሲደፈር እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የዚህ ሕዝብ ልማድ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በወራሪው እጅ ስትወድቅ የኢትዮጵያ ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ የሆነችው ጎሬ ናት። ስለዚህ ሕዝቡ ይዘምታል ወይ ብለን አንጠይቅም። ዘምቶ የተመለሰው ሰው ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ጥሪ በፈቃዱ ይመጣል ወይ ብለን እንጠይቃለን።

ያለፈውን እናስታውስ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣቱን ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ጠርቶ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ አደረገው። ጦርነቱ ሲበረታ ጥሪው አፈሳ ሆነ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ተበተነ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ከዚያው ከተበተነው ሠራዊት ብዙዎች እንደገና ተጠሩ፤ ጦርነቱ ሲያበቃም ብዙ ወታደር ተሰናበተ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ለውትድርና የደረሰና መሣሪያ ያለው ዜጋ ሠልጥኖ እንዲሰማራ ለማዘዝ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። ወሩን ልብ በሉ፤ በኢሉባቦር ቡና የሚለቀምበት፣ የከተማው ገበያም የሚሞቅበት ወቅት ነው።

ጥሪ ሲደጋገምና ቤት ሲጎዳ ቀድሞ የሚርቀው ሌላ እንጀራ ያለው ባለሙያ ነው፤ ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ ነርሱ። በእሱ ቦታ ያልሠለጠነ ልጅ ይገባል። መዝገቡ በስም ይሞላል፤ ጦሩ ግን ዝግጁ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ብሔራዊ ጥሪን የሥራ ውል ለጊዜው ከሚታገድባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል። ሠራተኛው ሲመለስ ወደ ሥራው ይገባል፤ በእገዳው ጊዜ ግን አሠሪው ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ልጆቹ እስከዚያው ምን ይብሉ? የሥራ ውል የሌለው ባለ ባጃጅ፣ ባለ ሱቅና የቀን ሠራተኛስ? አሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የተመለሰ ተጠባባቂ፣ ሥራውን ሳይለቅ ቢቆይ ኖሮ ይደርስበት በነበረው ደረጃ የመመደብ መብት አለው። እኛ ዘንድም ከዚህ ያነሰ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ብትመርጡን፦

1. የተጠባባቂ ግዳጅ በሕግ የተወሰነ ጊዜ፣ በሁለት ጥሪዎች መካከልም የተወሰነ ዕረፍት እንዲኖረው እናደርጋለን። አፈሳን በሕግ እንከለክላለን።

2. ዘማቹ ግዳጅ ላይ ሳለ ለቤተሰቡ መንግሥት ወርሃዊ ክፍያ እንዲከፍል፣ የንግድ ግብሩና የብድር ክፍያውም እስኪመለስ እንዲዘገይለት እናደርጋለን።

3. ዓመታዊ ሥልጠናው ከቡና ለቀማ ወራት ውጭ እንዲሆን እናደርጋለን።

4. ለቆሰለው ነፃ ሕክምና፣ ለሞተበት ቤተሰብ ጡረታ ያለ ምልልስ እንዲደርስ እናደርጋለን።

ወገኖቻችን፤ ቤቱ እንደማይፈርስ ያወቀ ሰው ሲጠራ ይመጣል። አገርን የሚጠብቀውን ሰው የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ ድምፃችሁን ስጡን።