ልጆቻችን በትናንሽ ኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ለመጫወት እንዴት ይመረጣሉ?
(የማኅበራችን የወጣቶችና ስፖርት ኮሚቴ ለወላጆች ያደረገው ንግግር)

የዛሬው ጉዳያችን ኳስ ይምሰል እንጂ ነገሩ ትምህርትና ገንዘብ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ባሉት ቤቶቻችን አባት «ኳሱን ተውና አጥና» ይላል፤ ልጅ ደግሞ «በኳስ ነው ኮሌጅ የምገባው» ይላል። እኛ ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው እንላለን።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንወቅ። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ከሚጫወቱ 100 ልጆች መካከል በኤን ሲ ኤ ኤ ሦስት ዲቪዚዮኖች ለመጫወት የሚበቁት 3 ወይም 4 ያህል ብቻ ናቸው። በቴሌቪዥን የምናየው ዲቪዚዮን አንድ ደግሞ ከነዚህም ጥቂቱን ነው የሚወስደው። ይሁን እንጂ በር ሁሉ ተዘግቷል ማለት አይደለም። በዲቪዚዮን ሁለት አንድ ቡድን እስከ 10 ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያህል ገንዘብ ለተጫዋቾቹ ያከፋፍላል። ኤን ኤ አይ ኤ በሚባለው ሌላ ማኅበር ከ200 በላይ ኮሌጆች አሉ። የሁለት ዓመት ኮሌጆችም የራሳቸው ውድድር አላቸው፤ አጠገባችን ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አንዱ ነው። ከ400 በላይ ኮሌጆች ያሉበት ዲቪዚዮን ሦስት ደግሞ ከሁሉም ሰፊው ነው። ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ሜሪማውንት፣ ሜሪ ዋሽንግተንና የሜሪላንዱ ሴንት ሜሪስ ኮሌጅ እዚህ ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ ዋናውን ነገር እናንሳ። ዲቪዚዮን ሦስት በኳስ ችሎታ ስኮላርሺፕ አይሰጥም። «ታዲያ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። ገንዘቡ የሚመጣው በሌላ በር ነው፤ በልጁ ውጤትና በቤተሰቡ ገቢ። አሠልጣኙ ብር ባይኖረውም፣ የልጃችሁን ስም ይዞ ወደ ተማሪ ተቀባዩ ቢሮ መግባት ይችላል። ቢሮው ግን የሚያየው ትራንስክሪፕቱን ነው። ስለሆነም «አጥና» የሚለው አባት ለኳሱም እየሠራ ነው ማለት ነው። የመንግሥት እርዳታ የሚጠየቅበትን ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ መሙላት ግዴታችሁ አድርጉት። ግሪን ካርድ ያለውም ሆነ ጥገኝነት የተፈቀደለት መሙላት ይችላል። በተማሪ ቪዛ ያለ ግን አይችልም፤ እሱ ኮሌጁን በቀጥታ ይጠይቅ። የኮሌጁ ዋጋ 60 ሺህ ዶላር ነው ሲባልም ወዲያው አትደንግጡ። እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ አለው፤ የቤታችሁን ትክክለኛ ገቢ አስገብታችሁ እናንተ የምትከፍሉትን ግምት እዩ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። በትናንሽ ኮሌጆች ያሉ አሠልጣኞች ሰውም በጀትም ያንሳቸዋል፤ የሁሉንም ልጅ ጨዋታ ዞረው አያዩም። በመሆኑም ልጁ ራሱን ማስተዋወቅ አለበት። እዚህ ላይ የእኛ አስተዳደግ ትንሽ ያስቸግራል። በታላቅ ፊት አንገት መድፋት፣ ስለ ራስ አለመናገር ጨዋነት ነው ብለን አሳድገናቸዋል፤ መልካም ነው። አሠልጣኙ ግን ዝም ያለውን ልጅ ፍላጎት የለውም ብሎ ያልፈዋል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው ነው።

ስለዚህ በ10ኛና በ11ኛ ክፍል ልጁ ራሱ፣ ደግመን እንላለን ራሱ እንጂ አባቱ አይደለም፣ ለ20 ወይም ለ30 አሠልጣኞች አጭር ኢሜይል ይጻፍ። ቁመቱን ሳይጨምር፣ የሚጫወትበትን ቦታ፣ ውጤቱን፣ የጨዋታ ፕሮግራሙን፣ የሦስት ወይም የአራት ደቂቃ ቪዲዮና አንድ ሙሉ ጨዋታ ይላክ። በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የተጫዋቾች መጠይቅ ይሙላ። ከ11ኛ ክፍል በኋላ ባለው ክረምት ብዙ አሠልጣኞች ትራንስክሪፕት ተቀብለው ቢሮው አስቀድሞ እንዲያየው ያደርጋሉ። ትራንስክሪፕት የጠየቀ አሠልጣኝ ነገሩን የምር ይዞታል።

አሠልጣኙ «በቅድሚያ ውሳኔ አመልክት» ካለ ተጠንቀቁ። ይህ ማመልከቻ ከተቀበሉት የሚያስር ነው፤ ቀኑም አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ፈረንጆች ኖቬምበር በሚሉት ወር ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የእርዳታ ቢሮውን ግምት በጽሑፍ ጠይቁ።

ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለክረምት ካምፕ የመጣ የግብዣ ደብዳቤ ምርጫ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ለሺህ ልጆች የተላከ ነው፣ ክፍያም አለው። ሁለተኛ፣ «ልጃችሁን ኮሌጅ እናስገባለን» ብለው ብዙ ብር የሚጠይቁ ሰዎች የሚሠሩትን አብዛኛውን ልጁ በነፃ ሊሠራው ይችላል። በታክሲና በሁለት ፈረቃ የተገኘ ገንዘብ እንዲህ አይባክን። ሦስተኛ፣ የቃል ተስፋ ማንንም አያስርም። አሁን አሠልጣኞች ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወሩ ተጫዋቾችንም ስለሚወስዱ ቦታው ጠቧል። ልጁ ነገ እግሩ ቢጎዳና ኳሱ ቢቀር እንኳ ሊማርበት የሚወደውን ኮሌጅ ይምረጥ።

ከትንሽ ቦታ ተነሥቶ ሩቅ የደረሰም አለ። ስኮቲ ፒፐን ከኤን ኤ አይ ኤ ኮሌጅ ወጥቶ በ1987 በኤን ቢ ኤ ምርጫ አምስተኛ ሆኗል። ደንከን ሮቢንሰን በዲቪዚዮን ሦስቱ ዊሊያምስ ኮሌጅ ጀምሮ፣ በሚሺጋን በኩል አልፎ በ2020 በኤን ቢ ኤ ፍጻሜ ተጫውቷል። እነዚህ ግን ከብዙ ሺህ አንድ ናቸው። የአብዛኞቹ ሽልማት አራት ዓመት መጫወት፣ ዲግሪ መያዝና ያለ ከባድ ዕዳ መውጣት ነው። እኛም ለልጆቻችን የምንመኘው ይህንኑ ነው።

ፋፍሳ መሙላት ያስቸገረው፣ ወይም ኢሜይሉን የሚያይለት የሚፈልግ ልጅ ያለው ወላጅ ለኮሚቴው አባላት ይንገር፤ አብረን ቁጭ ብለን እንሠራዋለን።